የወፍጮ ሞተር በዝናብና በውርጭ ወራት
(በዋግ ኽምራ ደጋ ስለ ሞተር ጥበቃና ስለ ዘይቱ)

1. መግቢያ

ከውጭ አገር ከሞተር ጋር የሚመጣ የመመሪያ መጽሐፍ ስለ ዘይት በሚናገርበት ምዕራፍ ብዙውን ጊዜ ዓመቱን ከሁለት ይከፍለዋል፤ «በበጋ ይህን ዘይት፥ በክረምት ያንን ዘይት» ይላል። በዘይቱ ጣሳ ላይም ከቁጥሩ አጠገብ «ደብልዩ» የሚል ፊደል ተጽፎ ይታያል። ይህ ፊደል እንግሊዞች የብርዱን ወራት የሚጠሩበት ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነው። ቃሉን ወደ አማርኛ የመለስን እንደ ሆነ «ክረምት» እንለዋለን። ትርጕሙ በመዝገበ ቃላት ዘንድ ትክክል ነው፤ በዋግ ደጋ ላይ ግን ሞተር ያበላሻል።

በአገራችን ክረምት ማለት ዝናብ ማለት ነው። ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን ምድሪቱ ቀን ያገኘችውን ሙቀት ሌሊት በቶሎ አታጣውም፤ ስለዚህ በክረምት ሌሊቱ ቢረጥብም ውርጭ አይጥልም። ውርጩ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት በሚልበት ጊዜ፥ በተለይም ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው፤ ይህንም እኛ በጋ እንለዋለን። እንግዲህ መጽሐፉን ቃል በቃል የተከተለ ባለ ወፍጮ ለብርድ የተሠራውን ቀጭን ዘይት ለዝናቡ፥ ወፍራሙን ዘይት ደግሞ ለውርጩ ይሰጣል ማለት ነው። ይህ ነገሩን መገልበጥ ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው በሰቆጣና በዙሪያው ባለው ደጋ የወፍጮ ሞተር የሚደርስበት ጉዳት ሁለት ዓይነት መሆኑን፥ አንዱ በዝናቡ ሌላው በውርጩ እንደሚመጣ፥ ሁለቱም በአዝመራው ወራት አቆጣጠር የተያያዙ መሆናቸውን ነው። ከዚህም የሚከተለው አሳብ አጭር ነው፤ ሞተር በአብዛኛው የሚጎዳው ሲሠራ ሳይሆን ሲቆምና ሲነሣ ነው።

2. የአዝመራው ዓመትና የሞተሩ ዓመት

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። ከከተማይቱ ወደ ተከዜና ወደ ጸላሪ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ቆላ ሲገባ፥ ወደ ላይ የሚወጣው ደግሞ ገብስና ባቄላ የሚዘራበት ብርዳም ደጋ ይደርሳል። ዝናቡ አጭር ነው፤ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ተጠቃሎ ይወርዳል። የመሬቱ መራቆትና የዝናቡ ማጠር ተደራርበው አገሩን ለችግር ያጋለጡት መሆኑ የታወቀ ነው፤ በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረኃብ እስከ ዛሬ ይወራል።

በዚህ አገር የወፍጮ ሞተር ሥራ የሚከተለው ሰዓትን ሳይሆን ጎተራን ነው። ከኅዳር ጀምሮ እህሉ ተወቅቶ ሲገባ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ አህያና ሰው ከማለዳ ጀምሮ ወረፋ ይይዛል። ጥር የሠርግ ወር ስለ ሆነ ሥራው ይበረታል። ከዚያ በኋላ እህሉ እያነሰ ይሄዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ ለዘር የተቀመጠው ተዘርቶ፥ ጎተራውም ተሟጥጦ፥ ወደ ወፍጮ የሚመጣው ሰው ጥቂት ይሆናል። ያን ጊዜ ሞተሩ ለቀናት፥ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆማል። የሚቆመውም አየሩ እጅግ በሚረጥብበት ወራት ነው። አዲሱ እህል ሲደርስ ደግሞ የዛገው ሞተር በውርጭ ማለዳ እንዲነሣና ሙሉ ጭነት እንዲሸከም ይጠየቃል።

እንግዲህ የሞተሩ መከራ የሰውን መከራ ይከተላል። ጎተራ ባዶ ሲሆን ብረቱ ይዝጋል፤ ጎተራ ሲሞላ የዛገው ብረት ይሰበራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የደጋ ቀበሌ ይህ ሲደርስ አይቻለሁ። ሞተሩ ነሐሴን ሙሉ ቆሞ ከረመ፤ በኅዳር መጨረሻ ሲያስነሡት ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተያይዞ ስለ ነበር ተሰበረ። መለዋወጫው እስኪመጣ ድረስ የሰፈሩ ሴቶች ወደ መጅና ወደ ድንጋይ ወፍጮ ተመለሱ። ሌሊት ተነሥቶ በጉልበት ተንበርክኮ ለቤተ ሰብ የሚበቃ ዱቄት መፍጨት ምን ያህል ድካም እንደ ሆነ ያየ ሰው፥ ስለ አንዲት የብረት ቀለበት መጻፍ ከንቱ ነው አይልም።

3. ዘይት ለሞተር የሚሰጠው አገልግሎት

በአገራችን የገጠር ወፍጮ ቤቶች ከታወቁት ሞተሮች አንዱ ባለ አንድ ሲሊንደር፥ ከባድና ዝግተኛ የናፍጣ ሞተር ነው። የዚህ ዓይነት ሞተር አባት የሚሆነውን በእንግሊዝ አገር በደርስሊ ከተማ የነበረው የሊስተር ፋብሪካ ከ1930 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ሠርቶታል፤ በኋላም በሕንድ አገር በራጅኮት ከተማ ብዙ ፋብሪካዎች አምሳያውን ሠርተዋል። በደቂቃ ከ600 እስከ 650 ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚዞርና አሠራሩ ቀላል ስለ ሆነ ለገጠር ይስማማል። የክፍሎቹ ስም በመካኒኮቻችን አፍ ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ፋሻ፥ ብሮንዚን፥ ቢየላ፥ ቮላኖ፥ ፊልትሮ፥ ማኖቬላ፥ ቺንጋ እንላለን።

ዘይት በሞተር ውስጥ አምስት ሥራ ይሠራል። በሚፋተጉት ብረቶች መካከል ገብቶ ይለያያቸዋል፤ ሙቀትን ያነሣል፤ ጥላሸትን ያጥባል፤ በፋሻና በሲሊንደር መካከል ያለውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ብረቱንም ከዝገት ይሸፍናል። ከእነዚህ ሁሉ የመጀመሪያው ሥራ የሚፈጸምበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባዋል። ዘንጉ በሚዞርበት ጊዜ ዘይቱን እየጎተተ ወደ ጠባቡ ቦታ ያስገባዋል፤ ዘይቱም በዚያ ተጨንቆ ዘንጉን ከብሮንዚኑ ወደ ላይ ያነሣዋል። ስለዚህ በሚሠራ ሞተር ውስጥ ብረት ከብረት ጋር ሳይነካካ በዘይት ላይ ይንሳፈፋል። ሞተሩ ሲቆም ግን ዘይቱ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ዘንጉም በብሮንዚኑ ላይ ይቀመጣል። በሚነሣበት ጊዜ ዘይቱ እስኪደርስ ድረስ ብረት ብረትን ይፍቃል። በመነሻው ጊዜ የሚደርሰው መበላት ከፍተኛ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘይቱ ቶሎ መድረሱና መዘግየቱ በውፍረቱ ይወሰናል። ማር በማለዳ ከገንቦ አልወርድ እንደሚልና ፀሐይ ሲሞቀው እንደሚፈስ ሁሉ፥ ዘይትም በብርድ ይወፍራል፤ በሙቀት ይቀጥናል። ለውጡም ቀላል አይደለም። ቁጥሩ 40 የሆነ ነጠላ ዘይት በዜሮ ዲግሪ አጠገብ በ100 ዲግሪ ከነበረው ከመቶ እጥፍ በላይ ይወፍራል። በዝግተኛው የወፍጮ ሞተር በቢየላው ጫፍ ያለችው ማንኪያ መሰል ብረት ዘይቱን እየጨለፈች ትረጨዋለች። ዘይቱ እጅግ ከወፈረ ግን ማንኪያይቱ በውስጡ ቦይ ቀድዳ ታልፋለች እንጂ አትረጨውም። ባለ ወፍጮው መለኪያውን አውጥቶ ሲያይ ዘይቱ ሙሉ ነው፤ ብሮንዚኑ ግን ደርቋል።

የዘይት ቁጥር ሥርዓት በአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር በ1911 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን በኋላ እየተሻሻለ መጥቷል። «15ደብልዩ-40» የሚል ዘይት ስናይ የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፥ ሁለተኛው ቁጥር ደግሞ በ100 ዲግሪ ሙቀት ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀርለት ያመለክታል። 15ደብልዩ የሚባለው ዘይት የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ20 እና በ25 ዲግሪ ስለ ሆነ፥ የዋግ ውርጭ ከአቅሙ በላይ አይደለም። እንዲህ ያለው ዘይት ለማለዳው ብርድም ለቀትሩም ሙቀት ስለሚስማማ፥ የሞተሩ አምራች የሚፈቅደው ከሆነ በወራት መለዋወጥ ምክንያት የሚመጣውን ስሕተት ያስቀራል። አምራቹ ነጠላ ዘይት ብቻ ያዘዘ እንደ ሆነ ግን ቀጭኑ ለኅዳርና ለጥር መሆኑን አጥብቆ ማስታወስ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። አሮጌዎቹ ዝግተኛ ሞተሮች ብዙ ጊዜ የዘይት ፊልትሮ የላቸውም። የዛሬው ዘይት ጥላሸትን ይዞ የሚያንሳፍፍ መድኃኒት ያለበት ነው፤ ፊልትሮ ካለ ያን ጥላሸት ይይዘዋል፥ ከሌለ ግን ጥላሸቱ ከዘይቱ ጋር አብሮ ይዞራል። ስለዚህ ፊልትሮ በሌለው ሞተር ዘይቱን አዘውትሮ መለወጥ ግዴታ ነው። የዱቄት ብናኝ በሞላበት ወፍጮ ቤት ደግሞ አምራቹ ከወሰነው ሰዓት ማሳጠር እንጂ ማርዘም አይገባም።

4. ዝናቡ፤ ቆሞ ስለ መዛግ

ውኃ ወደ ሞተር የሚገባባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ከራሱ ከናፍጣው ነው። ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ይሆናል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል፤ በናፍጣው ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ውኃ ይሆናልና። አብዛኛው ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ጥቂቱ ግን በፋሻው ዳርና ዳር አምልጦ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ሞተሩ በደንብ የሞቀ እንደ ሆነ እንፋሎቱ ተመልሶ ይወጣል። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሠርቶ የሚቆም ሞተር ግን ግድግዳው ገና ቀዝቃዛ ስለ ሆነ እንፋሎቱ በዚያ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በክረምት «እንዳይዝግ» ተብሎ በየቀኑ አምስት ደቂቃ ማስነሣት ሞተሩን አያድነውም፤ ውኃ ያጠጣዋል።

ሁለተኛው ከአየሩ ነው። በቀን የሞቀው እርጥብ አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ በብረቱ ላይ ጤዛ ይጥላል። ግማሹ ባዶ የሆነ የናፍጣ ማጠራቀሚያ በየሌሊቱ እንዲህ ይጠጣል። ውኃው ከናፍጣ ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ ይተኛል፤ ከዚያም ወደ ፓምፑና ናፍጣውን ወደሚረጨው ክፍል ይሄዳል። እነዚህ ክፍሎች እጅግ በጥራት የተሞረዱ ስለ ሆኑ ጥቂት ዝገት ይበቃቸዋል።

ሦስተኛው ከበርሜሉ ነው። ናፍጣ ወይም ዘይት የያዘ በርሜል በደጅ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሲከርም የዝናብ ውኃ በክዳኑ ዙሪያ ይጠራቀማል። ቀን ፀሐይ ሲመታው በውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በክዳኑ ጥርስ በኩል ይወጣል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና የተጠራቀመውን ውኃ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ክዳኑ የጠበቀ መስሎ ሳለ በርሜሉ ይተነፍሳል። መድኃኒቱ ገንዘብ የማያስፈልገው ነው፤ በርሜሉን በእንጨት ላይ አጋድሞ ሁለቱ ክዳኖች ግራና ቀኝ በአንድ መስመር እንዲሆኑ ማስተኛት ነው። ያን ጊዜ ክዳኖቹ ከውስጥ በናፍጣው ስለሚሸፈኑ፥ ከውጭም ውኃ ስለማይቋጠርባቸው በርሜሉ ውኃ አይስብም።

5. ከትንሹ የአውሮፕላን ሞተር የሚገኝ ትምህርት

ሞተርን ከእርጥበት ስለ መጠበቅ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ከወፍጮው እጅግ የሚያንስ ሞተር ነው። በውጭ አገር በሬድዮ የሚመሩ ትንንሽ የአውሮፕላን አምሳያዎችን ማብረር የብዙ ሰው ጨዋታና ትምህርት ሆኖ ኖሯል። ዛሬ አብዛኞቹ በባትሪ ቢበርሩም፥ በነዳጅ የሚሠራው ሞተር ገና አልጠፋም። ይህ ሞተር በመዳፍ የሚያዝ ሲሆን ለብቻው የዘይት ቋት የለውም። ዘይቱ ከነዳጁ ጋር ይቀላቀላል፤ ነዳጁ ሜታኖል የሚባለው አልኮል ሲሆን፥ ጥቂት ናይትሮሜቴንና ከመቶው እስከ ሃያ እጅ የሚደርስ ዘይት ይጨመርበታል።

ሜታኖል ከአየር ውኃ ይስባል። ስለዚህ ባለቤቱ አብርሮ ሲጨርስ ሞተሩን እንዲያው አያስቀምጠውም። አስቀድሞ በቧንቧው የቀረውን ነዳጅ አቃጥሎ ይጨርሳል፤ ቀጥሎ ጥቂት ጠብታ የጥበቃ ዘይት ያንጠባጥብበትና ዘይቱ ኩሽኔታው ድረስ እንዲደርስ በእጁ ያዞረዋል፤ በመጨረሻ ቀዳዳውን ሸፍኖ ያኖረዋል። ይህን ያላደረገ እንደ ሆነ ከጥቂት ወራት በኋላ ኩሽኔታው ዝጎ ያገኘዋል። ከዚህ የምንማረው፥ መድኃኒቱ የሚሰጠው ሞተሩ በሚነሣበት ቀን ሳይሆን በሚቆምበት ቀን መሆኑን ነው።

ለእነዚህ ሞተሮች ከጥንት ጀምሮ የታወቀው ዘይት ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የጉሎ ዘይት ነው። እናቶቻችን ፍሬውን ወቅጠው ምጣድ የሚያሟሹበት፥ በየጓሮው የሚበቅለው ጉሎ ማለት ነው። ከ1914 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. በተደረገው የዓለም ጦርነት ሲሊንደራቸው ከፕሮፔለሩ ጋር አብሮ የሚዞር የአውሮፕላን ሞተሮች የሚሠሩት በዚህ ዘይት ነበር፤ ምክንያቱም የጉሎ ዘይት በቤንዚን በቀላሉ ስለማይሟሟ በሲሊንደሩ ውስጥ ታጥቦ አይጠፋም። በ1909 እ.ኤ.አ. የወጣው ካስትሮል የተባለው የዘይት ስምም ከጉሎ የእንግሊዝኛ ስም የተወሰደ ነው። የጉሎ ዘይት እጅግ በሞቀ ብረት ላይ ሳይለቅ ይጣበቃል፤ በምጣዱ ላይ የሚያብረቀርቀውን ሽፋን የሚሠራው ይኸው ጠባዩ ነው።

ዳሩ ግን ከዚህ ተነሥቶ ማንም ሰው ጉሎ ጨምቆ በወፍጮ ሞተር ውስጥ እንዳይጨምር አስጠነቅቃለሁ። የጉሎ ዘይት ከማዕድን ዘይት ጋር በደንብ አይዋሐድም፤ ለምጣድ በጎ የሆነው ሽፋንም በሞተር ውስጥ ሲቆይ ሙጫ ሆኖ ፋሻን ያጣብቃል። የትንሹ አውሮፕላን ባለቤቶችም ብዙ ጊዜ ቆሞ የከረመ ሞተር ሲጣበቅባቸው አሙቀውና በሚያሟሟ ፈሳሽ አጥበው ያላቅቁታል። ፍሬው ራሱም መርዝ ያለበት መሆኑ መረሳት የለበትም። ከትንሹ ሞተር የምንወስደው ሥርዓቱን እንጂ ዘይቱን አይደለም።

6. ውርጩ፤ ስለ ማለዳው መነሣት

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቀው የሚፈጠረው ሙቀት ነው። አየሩ ሲገባ ቀዝቃዛ ከሆነ፥ ተጨምቆም የሚደርስበት ሙቀት ያንሳል። ልዩነቱ ግን ከሚታሰበው ይበልጣል። አየሩን ከ17 እጅ ወደ አንድ እጅ የሚጨምቅ ሞተር ብንወስድ፥ በሚነሣበት ጊዜ ከአየሩ የሚጠፋውንም ሙቀት በመጠኑ ብናስብ፥ በቀትር 23 ዲግሪ ሆኖ የገባው አየር ወደ 420 ዲግሪ ይደርሳል። በማለዳ በ3 ዲግሪ የገባው ግን ወደ 373 ዲግሪ ብቻ ይደርሳል። በውጭ የ20 ዲግሪ ልዩነት የነበረው በውስጥ የ47 ዲግሪ ልዩነት ሆነ ማለት ነው። በዚህ ላይ ዘይቱ ወፍሮ ማኖቬላው ቀስ ብሎ ከዞረ አየሩ በፋሻው ዳር ለማምለጥና ሙቀቱን ለብረቱ ለመስጠት ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ የወፈረ ዘይት ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ብሮንዚኑን ያደርቃል፥ እሳቱንም ይከለክላል።

ሞተሩ እምቢ ሲል ሰው በትዕግሥት ማጣት የሚያደርጋቸው ነገሮች አሉ። አንዳንዱ ከሥሩ እሳት ያነድዳል፤ ይህ ዘይቱን ከታች ያሳርረዋል፥ ቤቱንም ሊያቃጥል ይችላል። አንዳንዱ ቤንዚን የነከረ ጨርቅ በአየር ማስገቢያው ላይ ይይዛል፤ ይህ ያለ ጊዜው በሚነሣ ፍንዳታ ፋሻ ይሰብራል። አንዳንዱ ዘይቱ እንዲቀጥን ላምባ ይጨምርበታል፤ ላምባው ማለዳ ሞተሩን ቢያስነሣም ዘይቱ በቀትር እጅግ ቀጥኖ ዘንጉን መሸከም ያቅተዋል።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። በማቀዝቀዣው ጋን ለብ ያለ ውኃ ይጨመር፤ ግድግዳው ሲሞቅ ዘይቱም አየሩም ይሞቃል። ናፍጣው ተዘግቶ፥ ግፊቱን የሚያስለቅቀው እጀታ ተነሥቶ፥ ሞተሩ በማኖቬላ ሃያ ጊዜ ያህል ይዙር፤ ይህ ዘይቱን ያዳርሳል። ከዚያ በኋላ ናፍጣው ተከፍቶ ይነሣ። ማኖቬላውን የሚይዝ ሰው አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ያድርግ፤ ሞተሩ ወደ ኋላ የመታ እንደ ሆነ እጁን እንዳይሰብረው ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ቺንጋው ወደ ድንጋዩ ሳይዞር፥ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ያለ ጭነት ይሥራ። ወረፋ የያዘው ሰው ይቆጣ ይሆናል፤ ነገር ግን የአምስት ደቂቃ ቁጣ ከአምስት ሳምንት ያለ ዱቄት ከመቀመጥ ይሻላል።

7. ስለ ከፍታው

ከፍታው በብርዱ ላይ የራሱን ችግር ይጨምራል። በሰቆጣ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶው 76 እጅ ያህል ነው። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን ይቀንሳል፤ ኃይሉም እንዲሁ። በብረቱ ላይ ስድስት የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈበት ሞተር በሰቆጣ የአራት ተኩል ያህል ብቻ ጉልበት አለው ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ሞተሩ ደከመ ብሎ ናፍጣ ያበዛለታል። አየሩ ግን ያን ሁሉ ናፍጣ ለማቃጠል አይበቃም፤ ስለዚህ ጥቁር ጭስ ይወጣል፥ ያልተቃጠለው ናፍጣም በሲሊንደሩ ግድግዳ ያለውን ዘይት አጥቦ ያወርደዋል። ጥቁር ጭስ የታየ እንደ ሆነ የሚቀነሰው ወደ ድንጋዩ የሚወርደው እህል ነው።

በዚህ ከፍታ ውኃም የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። በውኃ መፍላት የሚቀዘቅዝ ሞተር ውኃውን ቶሎ ስለሚጨርስ ጋኑን አዘውትሮ ማየት ያስፈልጋል። ቀዝቃዛ ውኃን በጋለ ሲሊንደር ላይ በአንድ ጊዜ ማፍሰስ ግን ብረቱን ይሰነጥቃል።

8. ማጠቃለያ፤ በወራቶቻችን የተጻፈ ሥርዓት

እስካሁን የተባለውን በአገራችን አቆጣጠር ሰብስበን ብንጽፈው እንደሚከተለው ይሆናል።

በሰኔ መጨረሻ፦ ሞተሩ ሠርቶ ትኩስ ሳለ አሮጌው ዘይት ይፍሰስ፤ በአሮጌ ዘይት ውስጥ ያለው ውኃና አሲድ ከርሞ ብረት ይበላልና። አዲስ ዘይት ይጨመር። የናፍጣ ማጠራቀሚያው እስከ አፉ ይሞላ። በርሜሎቹ ከጥላ ሥር ይጋደሙ።

በሐምሌና በነሐሴ፦ ሞተሩ ሥራ ባለ ቀን ሰዓት ሙሉ ጭነት ይዞ ይሥራ፥ በደንብም ይሙቅ። ከሳምንት በላይ የሚቆም እንደ ሆነ ናፍጣው ተዘግቶ በአየር ማስገቢያው ጥቂት ንጹሕ ዘይት ይግባ፥ በእጅ ይዙር። ከዚያም ፒስተኑ አየሩን ጨምቆ ጫፍ በደረሰበት ቦታ ይቁም፤ በዚያ ጊዜ የአየሩም የጭሱም በር ዝግ ነው። የጭስ ማውጫው በጣሳ ይከደን። ቺንጋው ወጥቶ በደረቅ ቦታ ይሰቀል። በየሳምንቱ አንድ ቀን ግፊቱ ተለቅቆ ሞተሩ በእጅ ይዙርና ወደ ቦታው ይመለስ።

በጥቅምት፦ ከማጠራቀሚያው ሥር ያለው ውኃ እስኪያልቅና ጥሩ ናፍጣ እስኪታይ ድረስ ይፍሰስ። የናፍጣው ፊልትሮ ይለወጥ። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በእጅ ዞሮ ይፈተን፤ የከበደ እንደ ሆነ በጉልበት አይነሣ፥ መካኒክ ይይበት። አዝመራው ገና ስላልገባ ለጥገና ጊዜ የሚገኘው በዚህ ወር ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር፦ ለብርድ የሚስማማው ዘይት በሞተሩ ውስጥ ይሁን። በማለዳ ለብ ያለ ውኃ፥ ሃያ ጊዜ በእጅ ማዞር፥ አምስት ደቂቃ ያለ ጭነት መሥራት አይዘንጋ።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ የሚያስፈልገው ወጪ የጥቂት ሊትር ዘይትና የአንድ ጣሳ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረታችን ለብረትም ይሠራል።

በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ወራት በዋግ የኤሌክትሪክ መብራት በተቋረጠ ጊዜ፥ አሮጌው የናፍጣ ሞተር ገና እንደሚያስፈልግ ታይቷል። ከዚያ አስቀድሞ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት የገባው ቃል የተጠራው በሰቆጣ ስም ነው። የሕፃን ገንፎ ከዱቄት ይሠራል፤ በደጋው ቀበሌ ዱቄቱ ከወፍጮው፥ ወፍጮውም ከሞተሩ ነው።

ከዚህ የተነሣ ለጓደኞቼ ተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን አንድ አሳብ አቀርባለሁ። የውጭ አገር መጽሐፍ ስንተረጕም ቃሉን ብቻ አንተርጕም፤ ሰማዩንም እንተርጕም። በሞተሩ መመሪያ «ክረምት» የሚለውን ሰርዘን «ኅዳር፥ ታኅሣሥ፥ ጥር» ብለን ብንጽፍ፥ በአንድ ገጽ ወረቀትም አሳትመን፥ በኽምጣና ቋንቋም ጭምር አስተርጕመን በየወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ብንለጥፈው፥ ብዙ ፋሻ ከመሰበር፥ ብዙ እናትም ሌሊት ከመጅ ላይ ከመጎንበስ ትድናለች።